የታጠበ ፊት

ሞንቴቪዲዮ፣ ጁን 9 ቀን 2009

ይድረስ ለዙልማ፣

ደብዳቤሽን ቆሜ ጀምሬ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ሰላምታ ሳላስቀድም ወደ ነገሩ በመግባቴ ይቅርታ፤ ክው ብዬ ስለቀረሁ ነው። የማቴ ሻዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ፤ እኔ ደግሞ ማቴ አቀዝቅዤ አላውቅም። እንግዲህ ልመለስና ልጠይቅ፦ እንዴት ነሽ? ወገብሽስ? በግ የሚሸልት ሰው እጁ በሱፉ ቅባት ይለሰልሳል፣ ወገቡ ግን አይጠየቅም ሲባል ሰምቻለሁ።

ከእህቴ ከሮሳ ቤት አንድ ቃል ከሰማሁ ሠላሳ አምስት ዓመት ሆነኝ። ፖስታው ላይ «ዙልማ ኦሊቬራ» የሚለውን ሳይ በስህተት የመጣ መስሎኝ ለጎረቤት ልሰጠው ነበር። ከዚያ ሁለተኛው መስመር ላይ «ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ እርስዎ ለካርኒቫል ፊቴን የቀቡኝ የሮሳ ልጅ ነኝ፤ አሁን ስሜ ዙልማ ነው፣ ሴት ነኝ» ይላል። እኔ የማውቀው ሮሳ ሁለት ወንዶች እንዳሏት ነበር።

አስታውስ እንደሆነ ጠይቀሽኛል። እንዴት እረሳለሁ? በካርኒቫል መድረክ የሚዘፍኑትን ቡድኖች፣ የሙርጋዎችን፣ ፊት መቀባት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ልጠይቃችሁ መጥቼ የሰፈሩን ልጆች ሁሉ አሰልፌ ቀባኋችሁ። አንቺ ግማሽ ፊትሽ ቢጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ ነበር። ሌሎቹ በማግስቱ ታጠቡ። አንቺ ሦስት ቀን ሙሉ ትራሱን እያበላሸሽ አልታጠብም አልሽ። በሦስተኛው ቀን እናትሽ በልብስ ሳሙና ፈትጋ አጠበችሽ፤ እኔን ደግሞ «ልጄን አበላሸሽብኝ፤ ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጪ» ብላ አውቶቡስ ላይ ሰቀለችኝ። ሮሳ ያለችውን አታጥፍም።

ስለዚህ ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ የመጣብኝ ሐሳብ አንድ ብቻ ነው። ያኔ እውነቷን ነበር እንዴ? እኔ ነኝ እንዴ ያደረግሁሽ? ሳታሽሞነሙኚ መልሺልኝ።

የጠየቅሽኝን ግን እሺ ብያለሁ። እናትሽ በኦገስት መጨረሻ ሰማንያ ዓመት ይሞላታል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በሯን ዘግታብሽ ከቆየች በኋላ በወንድምሽ በኔልሰን በኩል «ይምጣ፣ ግን ፊቱን ታጥቦ ይምጣ፤ የተቀባ ፊት ከገበታዬ አይቀመጥም» ብላለች። አንቺ ደግሞ እንደ ድሮው ሰውዬ ሆነሽ መሄድ አትፈልጊም፤ የጢምሽን ጥላ አይተው «ያው እሱ ነው» እንዲሉም አትፈልጊም። የታጠበ የሚመስል፣ ግን የአንቺ የሆነ ፊት። ገባኝ። ሠላሳ ሁለት ካርኒቫል የቀባች ሴት ይህን ካቃታት እጇን ትቁረጠው።

አብሬ በላክሁልሽ ጥቅል ውስጥ ያለው ይበቃሻል። ጢምሽን በሙቅ ፎጣ አለስልሰሽ ተላጪ። ከቆዳው ሥር የሚታየው ሰማያዊ ጥላ ላይ በቀጥታ የቆዳ መልክ ያለውን ክሬም፣ ፋውንዴሽኑን፣ ብትቀቢ አመድ ይመስላል፤ መጀመሪያ ብርቱካንማውን ሊፕስቲክ፣ ከላዩ ፋውንዴሽኑን። ብርቱካኑ ሰማያዊውን ይበላዋል። የሙርጋ ወንዶች ሳይላጩ ነው የሚመጡልኝ፤ ሁሉንም እንዲህ ሸፍኜአቸዋለሁ። አትቆጥቢ።

ስልክ አትደውዪ፤ ስልክ ላይ አለቅሳለሁ። ዕቃ የሚያደርሰው፣ ሐሙስ ሐሙስ ወደ እናንተ የሚመጣው አውቶቡስ ሹፌር ሰው አክባሪ ነው፣ ጥቅል አይፈታም። በታይፕ መጻፌንም ይቅር በዪ፤ የእጅ ጽሑፌ ድሮም አይነበብም። ደግሞ «እርስዎ» የሚለውን ተይልኝ። አክስትሽ ነኝ እንጂ የባንክ ሥራ አስኪያጅ አይደለሁም።

አክስትሽ ኔሊዳ


ፍራይሌ ሙዌርቶ፣ ጁላይ 2 ቀን

ውድ አክስቴ ኔሊዳ፣

ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እዚህ ጠዋት ጠዋት የአጥር ሽቦው በረዶ ለብሶ ይቆያል። የመሸለቻ ወቅት ስላልደረሰ አጥር በመጠገን ነው ክረምቱን የምገፋው። ወገብ አይጠየቅም ብለሽ ራስሽ ጠየቅሽኝ፤ እንዳለ ነው።

ለጥያቄሽ መልስ፦ አይደለሽም። ከአንቺ ቀለም በፊትም እኔው ነበርኩ፤ ስም አልነበረኝም እንጂ። በዚያ ቀን ግን መስታወት ሳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን ወደድኩት። ሦስት ቀን አልታጠብም ያልኩት ስለዚያ ነው። ያደረግሽኝ አንቺ አይደለሽም። ይህን ሠላሳ አምስት ዓመት ተሸክመሽው ከነበረ ዛሬ አውርጂው።

አሁን የደረሰብኝን ልንገርሽ፤ እስካሁን ፊቴ እንደጋለ ነው። አትቆጥቢ ብለሽኝ አልቆጠብኩም። አምፖል ሥር ቆሜ ብርቱካኑን ደረብኩ፣ ፋውንዴሽኑን ደረብኩ፣ ጉንጬን አቀላሁ። አንድም ጥላ አልቀረም። ደስ አለኝና ሽቦ ልገዛ ሄድኩ። ባለሱቁ ሽማግሌው ባልታሳር ቀና ብሎ አየኝና መነጽሩን አወለቀ።

«በየትኛው ሙርጋ ገባህ?» አለኝ። «ልምምድ ዘንድሮ ቶሎ ተጀመረ?»

በክፋት አይደለም የጠየቀኝ፤ ደስ ብሎት ነው። ከኋላዬ የነበሩት ሁለት ሰዎችም ቀርበው አዩኝና «ባለሙያ ነው የቀባህ» አሉኝ። ባለፈው ዓመት ከንፈሬን ትንሽ ነክቼ በወጣሁ ጊዜ እነዚሁ ሰዎች መንገድ ቀይረውብኛል። ሙሉ ቀለም ተለቅልቄ ስመጣ ግን ወንድማቸው ሆንኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ሽቦውን ሳልገዛ ተመለስኩ፣ ቤቴም ገብቼ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

አክስቴ፣ ስምንት ሳምንት ቀርቶኛል። አንድ ሐሙስ ራስሽ መጥተሽ በእጅሽ ብታሳዪኝስ? አንድ ጊዜ ብቻ ባይሽ ይበቃኛል።

ዙልማሽ


ሞንቴቪዲዮ፣ ጁላይ 14 ቀን

የኔ ዙልማ፣

ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ አሁንም ይቅርታ። ደብዳቤሽን ሳነብ ያፈርኩትን ያህል በዕድሜዬ አላፈርኩም። የባልታሳር «ባለሙያ ነው የቀባህ» ደግሞ ልቤን ወጋኝ፤ በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ፍሬም አስገብቼ እሰቅለው ነበር።

ጥፋቱ የኔ ነው፤ የደነገጥኩትም በራሴ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የቀባሁት ለሠላሳኛው ረድፍ ነው። ቀለም ካልጮኸ ከመድረክ ላይ አይታይም። ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተቀምጠው ለሚያዩት ፊት አንድም ቀን ቀብቼ አላውቅም። ይህን በሰባ አንድ ዓመቴ ዛሬ ገና አወቅኩ። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች።

ስለዚህ ተማሪ ቤት ገባሁ። አምስት ቀን ከዳቦ መጋገሪያው ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ ማቴዬን ታቅፌ፣ በቀን ብርሃን የሚገቡ የሚወጡትን ሴቶች ፊት ስሰልል ዋልኩ። አንዷ «እማማ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?» አለችኝ። «ልኩ ነው የጠፋብኝ» አልኳት። ያየሁትን ልንገርሽ። ያልተቀቡ የሚመስሉት ሴቶች በሙሉ ተቀብተዋል፤ ግን ፊታቸውን በሙሉ አይደለም። የሚሸፍኑት መሸፈን ያለበትን ብቻ ነው። ጠቃጠቆው ይታያል፣ ማድያቱ ይታያል፣ የዓይን ሥር መስመሩም ይታያል። ቆዳው ቆዳ ሆኖ ነው የሚቀረው።

እንግዲህ እንደ አዲስ እንጀምር። አምፖሉን ተዪው፤ መስታወትሽን መስኮት ላይ አቁሚ። ከተላጨሽ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ ስስ ክሬም፣ እስኪገባም ትንሽ ጠብቂ። ብርቱካኑ የምስር ፍሬ ያክል ብቻ፤ ከላይኛው ከንፈርሽ በላይ፣ አገጭሽና መንጋጋሽ ላይ። አታሹት፤ በጣትሽ ጫፍ ነካ ነካ። ፋውንዴሽኑም እዚያው ላይ ብቻ፣ በረጠበ ስፖንጅ እየተጫንሽ፤ ግንባርሽን አትንኪው፣ ፀሐይ የሠራችው ግንባር ከኔ ቀለም ይበልጣል። ጉንጭሽን ቁንጥጫ የነካው ያህል፣ በጣትሽ ላይ የቀረውን ደግሞ ከንፈርሽ ላይ። የሽፋሽፍት ማስካራውም ቡናማ ይሁን፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

ቅንድብሽን አትንቀዪው። ነጭ ሳሙና በውሃ አርጥበሽ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ነክረሽ ወደ ላይ አበጥሪው፤ ሲደርቅ እዚያው ቆሞ ይቀራል፣ ዓይንሽም ይከፈታል። ይህን ከሙርጋ አላመጣሁትም። ልጃገረድ ሳለን፣ ኩል መግዣ ሳይኖረን፣ ወደ ዳንስ ስንሄድ የምንሠራው ነው።

መምጣቱን ግን ተዪው። ደጄን አትርገጪ ተብያለሁ፤ ጉልበቴም መንገድ አይወድም። በየቀኑ ሞክሪና ጻፊልኝ።

ኔሊዳ


ፍራይሌ ሙዌርቶ፣ ኦገስት 12 ቀን

አክስቴ፣

እግዜር ጉልበትሽን ይማርልሽ። ለምን በታይፕ ብቻ እንደምትጽፊ ልጠይቅሽ አሰብኩና ተውኩት፤ ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ።

ለአንድ ወር ያህል በየጠዋቱ መስኮቱ ጋ ቆሜያለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ክሬሙ አልቆብኝ ለእጃችን የምንቀባውን የሱፍ ስብ ተጠቀምኩ፤ ቀትር ላይ መንጋጋዬ በሙሉ ሻርፔ ላይ ወርዶ አገኘሁት። ሳቂብኝ። በሁለተኛው ሳምንት ቅንድቤ ላይ ሳሙና አብዝቼ ላብ ሲያወርደው ዓይኔ ተቃጠለ፤ አጥር ስጠግን ያየኝ ሰው ሐዘን ላይ ያለሁ መስሎት አጽናናኝ። ከዚያ በኋላ ግን እጄ ልኩን አገኘው። በግ ስትሸልቺ ቆዳውን ሳትነኪ ሱፉን ብቻ ነው የምታነሺው፤ ይህም እንደዚያው ነው፣ ጫን ካልሽ አበቃ።

ትናንት ግን የሆነውን ስሚ። ክፍያ ልከፍል ወረፋ ይዤ ቆሜያለሁ። ከኋላዬ ሕፃን ያዘለች ሴት ትከሻዬን ነካ አድርጋ «እህቴ፣ የመብራት ወረፋው ይሄ ነው?» አለችኝ። በቃ ይኸው ነው። አላፈጠጠችም፣ አልሳቀችም፣ ምላሽ ትጠብቃለች። «አዎ» ማለት አቅቶኝ ወረፋዬን ለቅቄላት ወጣሁ፣ መብራቱንም ሳልከፍል። ስድብን ለምጄዋለሁ፣ መልስም አለኝ። ለዚህ ግን አልተዘጋጀሁም ነበር። ቤት ገብቼ «እህቴ» ያለችኝን ለራሴ ስደግመው አመሸሁ።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያስፈራኝ። የእናቴ ልደት የቅድስቲቱ የሳንታ ሮሳ ቀን ነው፣ ኦገስት 30። በዚያ ቀን የሚወርደው የዝናብ ማዕበል አንድም ዓመት ቀርቶ አያውቅም። ከዘነበብኝስ?

ዙልማ


ሞንቴቪዲዮ፣ ኦገስት 21 ቀን

ዙልማዬ፣

ሴትዮዋን እግዜር ይስጣት። እኔም ያን መስመር አንብቤ ቁጭ አልኩ፤ አሁንም አሁንም እያነሣሁ አነበዋለሁ።

ስለ ዝናቡ። ስትጨርሺ ፓውደር በስሱ፣ ከዚያ መሐረብ ፊትሽ ላይ ጫን አድርገሽ አንሺው። ውሃ ቢነካሽ አትጥረጊ፤ ይንጠባጠብ፣ ራሱ ይድረቅ። ዝናብ አይጎዳሽም። የሚጎዳሽ ፎጣ ነው።

አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ። እናትሽ ብትነቃብሽ፣ ነገሩ ቢበላሽ፣ የኔን ስም አታንሺ። ከመጽሔት ተማርኩ በዪ፣ ከፈለግሽው ተማርኩ በዪ። ሮሳ አንቺን ልትምር ትችላለች፤ ስሜን ከሰማች ግን በኔ ቂም አንቺን ታስወጣለች፣ በሯም ዳግም አይከፈትልሽም። ይህን አልችለውም። አንድ ጊዜ ይበቃኛል።

ኔሊዳ


ፍራይሌ ሙዌርቶ፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን

አክስቴ፣

ሁለት ቀን ሙሉ ልጽፍልሽ ተቀምጬ እነሣለሁ። አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ልብሽ እንዳይቆም፦ ደህና ነኝ። ስምሽ ግን ተነሣ። ያነሣሁት እኔ አይደለሁም።

ዝናቡ የወረደው ከበሩ ሃምሳ እርምጃ ሲቀረኝ ነው። ዣንጥላዬን ነፋሱ ገለበጠው። ኔልሰን በሩን ሲከፍትልኝ ፊቴን ማየት ፈርቶ ጫማዬን አየ። እናቴ ምድጃው ጋ ቆማ ቂጣ በስብ ትጠብሳለች፤ ከዘነበ ሰማንያ ዓመትም ቢሞላት ትጠብሳለች። ዞር ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ታጥበሃል» አለች።

ውሃው ይንጠባጠብ፣ ራሱ ይድረቅ እያልኩ የአንቺን ቃል በልቤ እደግማለሁ።

«በስብሰሃል ደግሞ» ብላ ፎጣ አነሣች። ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠችኝም። በልጅነቴ እንደምታደርገው በአንድ እጇ አገጬን ይዛ በሌላው ግራ ጉንጬንና መንጋጋዬን ጠረገችው። ፎጣው ነጭ ነበር።

ፎጣው ላይ የቀረውን ቀለም አየች። ቡናማ፣ መሐሉ ላይ ብርቱካንማ። ገበታው ጋ ተመልሶ ይበላ የነበረው ኔልሰን ማኘኩን አቆመ። አክስቴ፣ እንዲህ ደንግጬ አላውቅም። ልሮጥ ፈለግሁ፤ አገጬን ግን አለቀቀችውም።

ከዚያ አውራ ጣቷን ቅንድቤ ላይ አድርጋ አሸችው። ጣቷን ወደ አፍንጫዋ ወሰደች።

«ሳሙና» አለች። ጣቷን እንደገና አሽትታ «ኔሊዳ» አለች።

«ኔሊዳ ማናት?» አለ ኔልሰን።

«አንተ ዝም ብለህ ብላ።»

እኔን ማየቷን ቀጠለች፤ አንዴ የተጠረገውን ጉንጬን፣ አንዴ ያልተጠረገውን፣ ገበያ ላይ ሁለት ጨርቅ እንደምታማርጥ ሴት። «ሰው ግማሽ ፊት ይዞ ገበታ አይቀርብም» አለች። ሌላውን ጉንጬን ራሴ ልጥረገው ብዬ ፎጣውን ያዝኩ። ከእጄ ነጠቀችኝ።

«መስታወቱ መኝታ ቤቴ ነው ያለው» አለች። «ፍጠኚ፣ ቂጣው ይቀዘቅዛል።»

እዚያ መስታወት ፊት ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፤ ብርቱካኑንና ፋውንዴሽኑን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጉንጬን አስተካከልኩት። ከእናቴ ቀኝ አስቀመጡኝ። አምስት ቂጣ በላሁ፣ አንዱም አልጣመኝም፤ ሁሉንም ግን እስክሞት አልረሳቸውም።

ልወጣ ስል ክንዴን ያዘችኝ። «ጉንጩን አንቺ ሠርተሽው ይሆናል፤ ቅንድቡ ግን የሷ እጅ ነው፤ በዓለም ላይ እንዲህ የሚያበጥር ሌላ እጅ የለም። እዚሁ ከተማ ተደብቃ ይሆናል፣ ታደርገዋለች። ንገሪያት፣ ሐሙስ ሳጥኗን ይዛ ትምጣ። የኔ ቅንድብ አልቋል። ሬሳዬን ከምትቀባ በሕይወቴ ታበጥረኝ።»

እኔው ነኝ የሠራሁት ልላት ፈልጌ ነበር። ፈራሁ። ደስታዋን ካቋረጥኩባት ሁሉንም መልሳ የምትወስደው መሰለኝ። አክስቴ፣ ነዪ።

ዙልማ


ሞንቴቪዲዮ፣ ሴፕቴምበር 5 ቀን

ዙልማዬ፣

ይህን በእጄ ነው የጻፍኩት፤ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ከዚህ በታች ያለውን ለእናትሽ አንብቢላት፤ ከዚያ ወረቀቱን ስጫትና በዓይኗ ትየው።

ሮሳ፣ እንዴት ነሽ? እንኳን ለሰማንያ አበቃሽ። መስመሩን እያየሽ ነው? ቀለም የረገጠች ዶሮ የሄደችበት ይመስላል። አሁን ያለኝ እጅ ይህ ነው። አራት ዓመት ሆነው መንቀጥቀጥ ከጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ የማንንም ፊት ነክቼ አላውቅም። ለዙልማም አልነገርኳትም፤ እጅ የሌላት አስተማሪ ምን ታደርግልኛለች ብላ እንዳትተወኝ ፈርቼ ነው። እሷም ይህን እያነበበች ስለሆነ ይቅርታ ታድርግልኝ።

ከተማችሁ ውስጥ አልተደበቅሁም። የዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት የቀባኋት እኔ ነኝ፤ አንቺም አጠብሽው፣ ተጣላን። አሁን ግን ማንም አልቀባትም። እኔ የላክሁላት ቀለምና ቃል ብቻ ነው። በጣትሽ የነካሽው ቅንድብ የራሷ እጅ ሥራ ነው፣ ጉንጩም፣ ፊቱም በሙሉ።

ሐሙስ እመጣለሁ። ከበር ትመልሺኝ ይሆናል ብዬ አውቶቡሱን ትንሽ እንዲያቆይልኝ ሹፌሩን ለምኜዋለሁ። ሳጥኑን እይዛለሁ፣ ሳሙናውንም እይዛለሁ። የምታበጥርሽ ግን ልጅሽ ናት።

እህትሽ ኔሊዳ